ክዳኑ ካልገጠመ፦ የክላርኔት ቁልፎች ታሪክ ከጠጋኙ ጠረጴዛ ሲታይ

በፋካልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግሮች መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ስለ አንድ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ስለ ክላርኔት፣ ይልቁንም ስለ ቁልፎቹ ነው። ቁልፍ ስል የጣት ጫፍ የማይደርስበትን ወይም በቀጥታ ሊደፍነው የማይችለውን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋውን፣ በዘንግ ላይ የሚወዛወዘውን የብረት ክዳን ማለቴ ነው። ዓመታቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው እንደ ፈጠራ ታሪክ ነው። እገሌ በዚህ ዓመት ይህን ቁልፍ ጨመረ፣ እገሌ በዚያ ዓመት ያንን ሥርዓት አስመዘገበ፣ አርቀው ማየት ያልቻሉ ሰዎች ተቃወሙት፣ በመጨረሻ ግን ዕድገት አሸነፈ እየተባለ ይተረካል። የእኔ ሙግት ከዚህ ይለያል። ክላርኔት በየዘመኑ ስንት ቁልፍ ሊኖረው እንደሚችል የወሰነው የሠሪዎች ምናብ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ክዳን ቀዳዳውን ምን ያህል ሊዘጋ፣ የዘጋውንስ ስንት ወር ሊያቆየው፣ ሲበላሽ ደግሞ በማን እጅ ሊቃና እንደሚችል ጭምር ነው። በሌላ አነጋገር፣ የቁልፎች ታሪክ ከጥገና ታሪክ ሊነጠል አይችልም። ይህን ካልተቀበልን የአውሮፓውን ታሪክ በከፊል እንስታለን፤ የራሳችንን ባንዶች ታሪክ ደግሞ ከናካቴው ልናጣው እንችላለን።

ዘጠኝ ጣትና ዐሥራ ስምንት ቀዳዳ

ከድምፅ ጠባይ ልነሣ። ክላርኔት ከሞላ ጎደል ወጥ ስፋት ያለው ቱቦ ነው፤ በመንፊያው በኩል፣ የሸምበቆው ምላስ ባለበት፣ እንደ ዝግ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ቱቦ ከጀርባው ያለው ትንሽ የአየር ቀዳዳ ሲከፈትለት ድምፁ የሚዘለው እንደ ፍሉት ወደ ስምንተኛው ሳይሆን ወደ ዐሥራ ሁለተኛው ድምፅ ነው። ፍሉትና ኦቦ 12 ግማሽ ድምፆች ከሞሉ በኋላ ጣቶቻቸውን ወደ መነሻው መልሰው ያንኑ አያያዝ ይደግማሉ። ክላርኔት ግን 19 ግማሽ ድምፆችን ካልሞላ በታችኛውና በላይኛው የድምፅ ክልል መካከል ክፍተት ይቀርበታል። ለ19 ድምፆች፣ እያንዳንዱ የራሱ ቀዳዳ ይኑረው ከተባለ፣ 18 ቀዳዳ ያስፈልጋል። ሰው ያለው ዐሥር ጣት ሲሆን ከእነዚህም አንዱ፣ የቀኝ እጅ አውራ ጣት፣ መሣሪያውን ተሸክሞ ይውላል። የክላርኔት ቁልፎች ችግር በሙሉ ከዚህ ሒሳብ ይመነጫል።

የመሣሪያው አባት ተብሎ የሚጠራው በኑረምበርግ ይሠራ የነበረው ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር (1655–1707) ነው። ዶፔልማየር በ1730 ባሳተመው የኑረምበርግ ሊቃውንትና ባለእጆች ታሪክ የክላርኔትን ፈጠራ ለዴነር ይሰጣል። መነሻው ሻሉሞ የሚባለው ቀለል ያለ የሸምበቆ ምላስ መሣሪያ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ክላርኔቶች ሁለት ቁልፍ ነበራቸው። ከዚያ ሦስተኛው ታከለ፤ በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ባለ5 ቁልፉ ክላርኔት የተለመደ ሆነ። ሞዛርት በ1789 ኩዊንቴቱን፣ በ1791 ኮንቸርቶውን ለአንቶን ሽታድለር ሲጽፍ፣ የሽታድለር መሣሪያ ወደ ታች የተራዘመ ልዩ ክላርኔት ቢሆንም፣ አብዛኛው ሙዚቀኛ በእጁ የያዘው ይህንኑ ባለ5 ቁልፍ ነበር። በ1802 ዣቪዬ ለፌቭር ለፓሪሱ ኮንሰርቫቷር ያዘጋጀው የማስተማሪያ መጽሐፍ እንኳ የተመሠረተው በባለ6 ቁልፉ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቁልፍ መሥራት የሚችሉ እጆች ነበሩ፤ የጎደሉትም ድምፆች ይታወቁ ነበር። ታዲያ ስለምን ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ አምስትና ስድስት ቁልፍ ላይ ተቆመ? የተለመደው መልስ ልማድና ግትርነት የሚል ነው። እኔ ግን መልሱን ከክዳኑ ሥር እፈልገዋለሁ።

አዲስ ቁልፍ፣ አዲስ ማስተንፈሻ

የዘመኑ ቁልፍ ከነሐስ ቅይጥ የተቆረጠ፣ ጫፉ ጠፍጣፋና ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን የሆነ ክዳን ነበር። ከእንጨቱ አካል ላይ ተፈልፍሎ በቀረ እብጠት መካከል በቀጭን የሽቦ መውጊያ ይያዛል። ከክዳኑ ሥር ቁራጭ ቆዳ ይለጠፋል። ከእጀታው ሥር የተገጠመው ጠፍጣፋ ሞላ እንጨቱ ላይ እየተሻሸ ክዳኑን ወደ ቦታው ይመልሳል።

ይህ አሠራር ደካማ ጎን አለው። ጠፍጣፋ ቆዳ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ሲያርፍ አየር የማያሳልፈው ሁለቱም ፍጹም ልሙጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። ቆዳው በተጫዋቹ ትንፋሽ እርጥበት ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውሎ ሲያድርም ይጠነክራል። እንጨቱም በአብዛኛው ከሣጥን እንጨት፣ ማለትም ቦክስዉድ ከሚባለው ቢጫ ዛፍ የሚሠራ በመሆኑ እንደ አየሩ ጠባይ ይጣመማል። መውጊያው ሲሰፋ ክዳኑ ወደ ጎን ይንሸራተታል። በእነዚህ ምክንያቶች ሁሉ ክዳኑ ያስተነፍሳል።

በክላርኔት ላይ ደግሞ ማስተንፈስ ቦታውን ጠብቆ አይቀመጥም። የላይኛው ክዳን ጥቂት ካስተነፈሰ ከእርሱ በታች ያሉት ድምፆች ሁሉ ይደክማሉ፤ አንዳንዶቹ ይሰነጠቃሉ፤ ሌሎቹ ከነጭራሹ እንቢ ይላሉ። ስለዚህ ባለ5 ቁልፍ የያዘ ሙዚቀኛ ስድስተኛና ሰባተኛ ቁልፍ ሲቀርብለት የሚያሰላው አንድ አዲስ ድምፅ ማግኘቱን ብቻ አይደለም፤ አዲስ የማስተንፈሻ በር መጨመሩንም ነው። ለአንድ ንጹሕ ድምፅ ሲል ዐሥር ድምፆችን አደጋ ላይ ሊጥል ነው። የጎደለውን ግማሽ ድምፅ ጣቶቹን በማፈራረቅ፣ መካከል ላይ አንድ ቀዳዳ ክፍት ትቶ ከበታቹ ያሉትን በመድፈን፣ ደብዘዝ አድርጎም ቢሆን ሊያወጣው ይችላል። የሚያስተነፍስ ክዳንን ግን በመድረክ ላይ በምንም ብልሃት አያድነውም። እንግዲህ ቁልፍ አልጨምርም ያለው ሰው ግትር ነበር ወይስ አስተዋይ? በእጁ በነበረው ቆዳና ሞላ ሲመዘን አስተዋይ ነበር የሚል እምነት አለኝ።

የ1812ቱ ክርክር

ነገሩን የለወጠው ኢቫን ሙለር (1786–1854) ነው። በዛሬዋ ታሊን የተወለደው ይህ ሙዚቀኛ በ1812 ባለ13 ቁልፍ ክላርኔቱን ፓሪስ ላይ ለኮንሰርቫቷሩ ጉባኤ አቀረበ። ታሪክ ጸሐፊዎች በዋናነት የሚያስታውሱት 13 የሚለውን ቁጥር ነው። እኔ የማተኩረው ግን ክዳኑ ሥር ባደረገው ለውጥ ላይ ነው። ሙለር ጠፍጣፋውን ቆዳ ትቶ በሱፍ የተሞላ፣ በቆዳ ወይም በአንጀት ሽፋን የተጠቀለለ ክብ ትራስ ተጠቀመ፤ ዛሬ ባለሙያዎች ፓድ የሚሉት የዚህ ትራስ ልጅ ነው። ክዳኑንም እንደ ማንኪያ ጎድጎድ አድርጎ ትራሱን በውስጡ አስቀመጠ። የቀዳዳውን ዙሪያ ዝቅ አድርጎ ፈልፍሎ ለትራሱ ቀጭን ከንፈር አበጀለት። ልሙጥ በልሙጥ ላይ ከማረፍ ይልቅ ልስልሱ በቀጭኑ ከንፈር ላይ ተጫነ። ልስልሱ ነገር የከንፈሩን ቅርጽ ስለሚይዝ ትንንሽ ጉድለቶችን ይሸፍናል። ከዚህ በኋላ ዐሥራ ሦስት ክዳን ማለት ዐሥራ ሦስት የማስተንፈሻ በር ማለት መሆኑ ቀረ። በእኔ ንባብ ቁጥሩ የመጣው ከትራሱ በኋላና በትራሱ ምክንያት ነው።

ጉባኤው ግን አልተቀበለውም። የተሰጠው ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል። ሙለር ክላርኔቱ በሁሉም ቅኝት መጫወት ይችላል፣ ከእንግዲህ አንድ መሣሪያ ይበቃል አለ። ጉባኤው ደግሞ በተለያየ ርዝመት የሚሠሩት የሲ፣ የቢ ዝቅና የኤ ክላርኔቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፀ ቀለም አላቸው፤ አንድ መሣሪያ ሁሉን ከተካ አቀናባሪዎች ይህን ቀለም ያጣሉ አለ።

ይህ ሙግት ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የዋሽንት ተጫዋቾቻችን አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያላቸውን፣ ርዝመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ይዘው ይሄዳሉ፤ የዘፋኙ ድምፅ ወይም ዜማው ሲቀየር ዋሽንቱን ይቀይራሉ። በዋሽንት ላይ ቁልፍም ሞላም የለም፤ የሚያስተነፍስ ክዳንም የለም። የፓሪሱ ጉባኤና የእኛ ዋሽንት ነፊ ሳይተዋወቁ አንድ መርሕ ይጋራሉ፤ ይኸውም መሣሪያውን ከማወሳሰብ ይልቅ ማብዛት ይሻላል የሚል ነው። የሙለር መርሕ ተቃራኒው ነበር፤ መሣሪያው አንድ ይሁን፣ ውስብስብነቱን ብረት ይሸከመው። ይህ መርሕ ዋጋ እንዳለው ግን መዘንጋት የለበትም። ዋሽንት ሲሰነጠቅ ነፊው ሌላ ይቆርጣል። ባለ13 ቁልፍ ክላርኔት ሲታመም ግን ሐኪም ይፈልጋል።

ጉባኤው ቢቃወምም ጊዜ ለሙለር ፈረደ። በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት የእርሱ ዓይነት ክላርኔት በአውሮፓ ተስፋፋ። በጀርመን ካርል ቤርማን፣ በኋላም በበርሊን ኦስካር ኦለር (1858–1936) ያሻሻሉት የጀርመን ሥርዓት ቤተሰብነቱ ከዚሁ ነው።

ከመጠገን ወደ ማስተካከል

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1839 ነው። የፓሪሱ ኮንሰርቫቷር መምህር ያሳንት ክሎዜ (1808–1880) ከመሣሪያ ሠሪው ከኦገስት ቡፌ ጋር ሆኖ ተንቀሳቃሽ ቀለበቶች ያሉት ክላርኔት አቀረበ። የባለቤትነት ማረጋገጫውን ያገኙት በ1844 ነው። ሐሳቡን የወሰዱት ቴዎባልድ በም በ1832 በፍሉት ላይ ካሳየው የቀለበት ዘዴ በመሆኑ ዛሬ የበም ሥርዓት እየተባለ ይጠራል፤ በም ራሱ ግን ክላርኔቱን አልሠራውም። መሣሪያው 17 ቁልፎች፣ 6 ቀለበቶችና 24 ቀዳዳዎች አሉት። ከጀርመንና ከኦስትሪያ ውጭ በአብዛኛው ዓለም የሚነፋው ይኸው ነው።

ቀለበት ማለት ምን ማለት ነው? ጣት ቀዳዳውን ሲደፍን በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቀለበት አብሮ ይጫናል፤ ቀለበቱ በዘንግ አማካይነት ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ክዳንን ይዘጋል። አንድ ጣት ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ዘጠኝ ጣት 24 ቀዳዳ ሊመራ የቻለው በዚህ ነው። ለዚህም ረጃጅም ዘንጎችና እነርሱን የሚሸከሙ፣ እንጨቱ ውስጥ በብሎን የሚገቡ የብረት ምሰሶዎች አስፈለጉ። ቡፌም ጠፍጣፋውን ሞላ በብዙ ቦታ በመርፌ ሞላ ተካው፤ ይህም ምሰሶውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጭን የብረት መርፌ ሆኖ በጫፉ የዘንጉን ጥርስ ይገፋል። ፈጣንና ቀላል ነው፤ እንጨት ላይም አይሻሽም።

የታሪክ መጻሕፍት ብዙም የማይሉት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። እስከ ሙለር ድረስ እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው የቆመ ነበር። አንዱ ሲበላሽ ብልሽቱ የት እንዳለ ዓይን ያየዋል፤ ቆዳውን መቀየር ወይም ሞላውን ማቅናት ይበቃል። ይህን መጠገን እንበለው፤ ተጫዋቹ ራሱ፣ ወይም የሰፈር አንጥረኛና ሰዓት ሠሪ ሊያደርገው ይችል ነበር። ከክሎዜና ቡፌ በኋላ ግን ቁልፎቹ ተሳሰሩ። ሁለቱም ትራሶች አዲስ፣ ሁለቱም ሞላዎች ጤነኛ ሆነው ሳለ፣ አንዱ ክዳን ከሌላው በፀጉር ያህል ቀድሞ ስለተቀመጠ ብቻ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። እዚህ የተሰበረ ነገር የለም፤ የተዛባ ስምምነት ነው ያለው። ይህን የሚያቃናው ሥራ ማስተካከል ይባላል። መጠገን ክፍሉን ያያል፤ ማስተካከል በክፍሎች መካከል ያለውን ግንኙነት ያያል። የበም ሥርዓት ከአዲስ መሣሪያነቱ ባሻገር አዲስ ሙያ የወለደ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ታሪክ በንብርብር

የዛሬውን ባለሙያ ሥራ በቅርብ ያየ ሰው በጠረጴዛው ላይ ይህ ሁሉ ዘመን ተደራርቦ ያገኘዋል። በቅደም ተከተል ላስረዳ።

መጀመሪያ የሚፈተሸው አየር ነው። የላይኛው ክፍል ብቻውን ይወሰዳል፤ ቀዳዳዎቹ በጣት ይደፈናሉ፤ ታችኛው አፍ በመዳፍ ይዘጋል፤ ከዚያ አየሩ በአፍ ይሳባል። ክፍሉ ጤነኛ ከሆነ የተሳበው አየር ይዞ ይቆያል፤ ካልሆነ ወዲያው ይላቀቃል። የሚያስተነፍሰውን ክዳን ለይቶ ለማወቅ ደግሞ የሲጋራ ወረቀት በቀጭኑ ተቆርጦ ከፓዱ ሥር ይገባል፤ ክዳኑ ቀስ ብሎ ይዘጋና ወረቀቱ ይጎተታል። በአራቱም አቅጣጫ እኩል ከያዘ ፓዱ ተቀምጧል። በአንድ ወገን የሚላላ ከሆነ ክዳኑ በመንፈስ መብራት በጥንቃቄ ይሞቃል፤ ፓዱን የያዘው ሙጫ ሲለሰልስ ፓዱ እንደ ገና ይደላደላል። የወረቀቱ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ ያነሰ ነው፤ ድምፅን የሚያጠፋው ክፍተትም በዚህ መጠን የሚለካ ነው። ይህ ሙለር ትቶልን የሄደው ንብርብር ነው።

ቀጥሎ ሞላው ይመጣል። ሞላ ጠንካራ ሲሆን ክዳኑን በደንብ ይዘጋል፤ ጣትን ግን ያደክማል። ደካማ ሲሆን ጣት ይቀለዋል፤ ትንፋሹ ግን ክዳኑን ገፍቶ ያስተነፍሰዋል። ሁለት ቁልፎች በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ የአንዱ ሞላ ሌላውን ማሸነፍ አለበት፤ በምን ያህል የሚለውን የሚወስነው የባለሙያው ጣት ነው። መርፌ ሞላ በትንሽ መንጠቆ ይገፋል፣ ይሳባል፤ ከልክ በላይ ከታጠፈ ይሰበራል።

ሦስተኛው ንብርብር ግንኙነቱ ነው፤ ሦስት ቦታዎችን ብቻ እጠቅሳለሁ። የመጀመሪያው የታችኛው ክፍል ጫፍ ነው። ዝቅተኛውን ኢ ለማውጣት ትንሿ ጣት አንድ ማንሻ ስትጫን ሁለት ትላልቅ ክዳኖች በአንድ ቅጽበት መዘጋት አለባቸው። የሚያገናኛቸው ትንሽ የብረት እግር ላይ የሚለጠፈው ቡሽ ወፍራም ከሆነ አንዱ ክዳን ይቀድማል፤ ሳስቶ ከሆነ ሌላው። ባለሙያው ቡሹን በብርጭቆ ወረቀት እየሞረደ፣ በሲጋራ ወረቀት እየፈተነ እኩል ያደርጋቸዋል። ሁለተኛው የላይኛውና የታችኛው ክፍል የሚገናኙበት ምላስ ነው፤ የሁለቱም እጆች አመልካች ጣቶች ብቻቸውን የሚያወጡት የላይኛው ቢ ዝቅ በዚህ ምላስ ቡሽ ውፍረት ላይ የተንጠለጠለ ነው። መሣሪያው ሲገጣጠም ቀለበቶቹ በግዴለሽነት ከተጫኑ ይህ ምላስ ይታጠፋል። ሦስተኛው በላይኛው ክፍል ላይ ያለችው ትንሽ የማስተካከያ ብሎን ናት። የኤ እና የጂ ከፍ ቁልፎችን ታገናኛለች፤ ከልክ በላይ ከጠበቀች ከሁለቱ አንዱ ክዳን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከላላች ደግሞ ኤ ሲጫን ጂ ከፍ ዘግይቶ ይከፈታል። ትክክለኛው ቦታ ሊታይ የሚከብድ፣ በጣት ግን የሚሰማ ጥቂት ክፍተት ነው። ይህችን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ሩብ ዙር ብቻ በማላላት «ሞቷል» የተባለ ክላርኔት ሲናገር አይቻለሁ።

ከሁሉም በታች እንጨቱ አለ። ቦክስዉድ ረጃጅም ዘንጎችን ለመሸከም ስላልተመቸ ሠሪዎች ወደ አፍሪካ ጥቁር እንጨት ዞሩ፤ ይህ ዛፍ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ሌላ በሀገራችን ቆላማ አካባቢዎችም ይበቅላል። ጠንካራ ቢሆንም እርሱም እንጨት ነው። በረዥሙ የበጋ ድርቀት ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ የመጋጠሚያዎቹ የብረት ቀለበቶች ይላላሉ፣ ምሰሶዎቹ ይነቃነቃሉ። ክረምት ሲገባ ያብጣል፤ መጋጠሚያው እንቢ ይላል። አዲስ አበባ ላይ የሚነፋ ክላርኔት በዓመት ሁለት ጊዜ ቢታይ ብልህነት ነው።

ተጫዋቹ ራሱ ሊያደርገው የሚገባው ጥቂት ነው፤ ግን አይታለፍም። ከነፋ በኋላ ውስጡን በጨርቅ ማድረቅ፤ የረጠበውን ፓድ በሲጋራ ወረቀት ማስመጠጥ፤ መጋጠሚያ ቡሾቹን ስብ መቀባት፤ በዘንጎቹ ጫፍ በየጥቂት ወሩ አንዲት ጠብታ ዘይት ማኖር፣ ፓዱን ግን ዘይት አለማስነካት። ስኳር ያለው ሻይ ጠጥቶ ወዲያው መንፋት ፓዱን እንደሚያጣብቅ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ይበቃል።

ዱካውን የሚያጠፋ ሙያ

ይህ ሙያ ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ ስለምን በታሪክ መዝገብ አይገኝም? አንዱ ምክንያት ጠባዩ ነው። ጥሩ ጥገና ራሱን ይሰውራል። አዲስ ፓድ ሲገባ አሮጌው ይጣላል፤ ቡሹ ሲሞረድ የተሞረደው ትቢያ ይሆናል። ሠሪው ስሙን በእንጨቱ ላይ ያትማል፤ ጠጋኙ ግን ስሙን የሚጽፍበት ቦታ የለም። መዝገብ የሚይዘው መሣሪያው የተገዛበትን ቀንና ከአገልግሎት የወጣበትን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያቆየውን እጅ አይዝም።

ቤተ መዘክሮችም ከዚህ ጋር የተያያዘ ፈተና አለባቸው። አንድ ጥንታዊ ክላርኔት ድምፅ እንዲያወጣ ከተፈለገ ፓዱ መቀየር፣ ሞላው መተካት አለበት። ይህ ሲደረግ ግን የቀደሙት ጠጋኞች ዱካ፣ ማለትም የቆዳው ዓይነት፣ የሙጫው ቅሪት፣ በእጅ የታጠፈው ሞላ አብሮ ይጠፋል። መሣሪያው ይናገር ከተባለ ታሪኩ ዝም ይላል፤ ታሪኩ ይጠበቅ ከተባለ መሣሪያው ዝም ይላል። እኔ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለኝም። ቢያንስ ግን የተነሣው ሁሉ ሳይጣል በፖስታ ታሽጎ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት ከመሣሪያው ጋር ይቀመጥ እላለሁ። ወጪው ከአንድ ፖስታ አያልፍም።

የእኛ ባንዶች

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ። የዘመናዊ ሙዚቃ ባንዶቻችን ታሪክ በጥቅሉ የታወቀ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች መጡ። በ1924 «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች በራስ ተፈሪ ግብዣ ከኢየሩሳሌም ሲመጡ ኬቮርክ ናልባንዲያን መሪያቸው ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች አደጉ። ክላርኔትም በእነዚህ ባንዶች ውስጥ ቦታ ነበረው። በቴነር ሳክስፎን ሽለላን ያስደመጠን ጌታቸው መኩሪያ ክላርኔትም ይነፋ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደን ላይ ከተማራቸው መሣሪያዎች አንዱ ክላርኔት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መሣሪያውን የላከውን፣ ባንዱን የመራውን፣ ዜማውን የደረሰውን እናውቃለን። አሁን ግን ከላይ ያየነውን እናስታውስ። 17 ቁልፎች ያሉት መሣሪያ፣ በየቀኑ በሚነፋበት ባንድ ውስጥ፣ ፓዱን የሚቀይርና ቡሹን የሚያስተካክል ሰው ሳይኖር ዓመታት ሊዘልቅ አይችልም። ይህ ግምት አይደለም፤ ከመሣሪያው አሠራር የሚከተል ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን በተቀረጹ ዘፈኖች ውስጥ ክላርኔት ከታችኛው እስከ ላይኛው ክልል ጠርቶ ስንሰማ፣ የምንሰማው የነፊውን ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ያልተመዘገበ አንድ ሰው ክዳኖቹን አስተካክሎ እንደ ነበርም እየሰማን ነው። ጽሑፍ በሌለበት ድምፁ ራሱ ምንጭ ይሆናል። ክላርኔቱ የሚሸሻቸው ድምፆች፣ ዘወትር የሚያልፋቸው ግማሽ ድምፆች ካሉም፣ እነርሱም የሚነግሩን ነገር ሊኖር ይችላል፤ የዜማው ቅኝት ነው ወይስ ያልተስተካከለ ቁልፍ? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የቅኝቱንም የቁልፉንም ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

በልዩ ልዩ ግምጃ ቤቶች ጥግ ላይ ተደርድረው የቆዩ ክላርኔቶችን የማየት ዕድል ገጥሞኛል። በተሰበረ መርፌ ሞላ ፈንታ ላስቲክ የታሰረባቸው አሉ፤ ፓዳቸው በወፍራም ቆዳ የተተካም አሉ። አንዳንዱ ተመልካች ይህን እንደ ችግረኝነት ምልክት ያየው ይሆናል። ለእኔ ግን እያንዳንዱ ላስቲክ አንድ ሰነድ ነው። አንድ ሰው የቁልፉን አሠራር ተረድቶ፣ ሞላው የሚሠራውን ሥራ ለይቶ፣ ያንኑ ሥራ በሌላ ነገር አሠርቷል። ቆዳውን ከክዳኑ ሥር የለጠፈው ሰው ደግሞ ሳያውቀው ከሙለር በፊት ወደ ነበረው ዘመን ተመልሶ፣ የዚያን ዘመን ችግር በዚያው ዘመን መፍትሔ ገጥሞታል።

ስለሆነም በዚህ አዳራሽ ላላችሁ፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፍ ለመጀመር ለተዘጋጃችሁ ተማሪዎች፣ የማቀርበው ጥያቄ አለ። ከአረጋውያን የባንድ ሙዚቀኞች ጋር ስትቀመጡ፣ ማን አስተማራችሁ፣ የት የት ተጫወታችሁ ከሚለው ቀጥላችሁ፣ መሣሪያችሁ ሲበላሽ ማን ዘንድ ትወስዱት ነበር፣ በምንስ ይጠግነው ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ፓዱ ከየት ይመጣ እንደ ነበር፣ ሙጫው ምን እንደ ነበር፣ ሥራውን ለማን እንዳስተማረ ጻፉ። እነዚህን የሚያስታውሱ ሰዎች በዕድሜ ገፍተዋል። ግምጃ ቤት ስትገቡም ድምፅ የማይሰጠውን መሣሪያ ከመዝገብ ከመሰረዛችሁ በፊት ወረቀቱን ከፓዱ ሥር አስገብታችሁ ጎትቱት። ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል ሩብ ዙር ብሎን ወይም አንድ ቁራጭ ቡሽ ብቻ የሚጠብቁ አሉ። የላስቲኩን ማሰሪያ ግን ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሡት፤ ፖስታውንም አትርሱ።